በግራ እጅ የገባው ፍሬን

ይህ ታሪክ ከራስጌው እስከ ግርጌው እውነት ነው። የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ውሸት ከተገኘችበት፣ የተረከው ምላስ እንደ በጋ ሣር ይድረቅ። «ይህማ አልበዛም ወይ?» የሚል ካለ፣ የበዛው ነገሩ ራሱ ነው፤ በተራኪው እጅ የተቀነሰውን ቢያውቅ ኖሮ ያመሰግን ነበር።

ሟቹ የተገኘው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ከድንጋይ መፍጫው በላይ ባለው የጠጠር ቁልቁለት፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ፣ በፊቱ ተደፍቶ። ያ ቁልቁለት ፍየል ሁለት ጊዜ አስባበት የምትወርደው፣ ነፋስ እንኳ ግድግዳ እየያዘ የሚሄድበት ነው። የራስ ቁሩ ለሁለት ተከፍሏል። ብስክሌቱ ግን ከእሱ ስድስት ሜትር ያህል ወደኋላ ቀርቶ፣ ጎኑ ከመጫጫሩ በቀር ምንም አልሆነም፤ ጎማው አልተነፈሰም፣ ሰንሰለቱ አልወለቀም፣ ቸርኬው አልተጣመመም። መጀመሪያ የደረሱት ድንጋይ ፈላጮች፣ ፈረሱ ደህና ሆኖ ፈረሰኛው የሞተበት አደጋ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ።

ከቀትር በፊት ፖሊስ ብስክሌቱን የገጠመውን ሰው ጠራ። የገጠመው ደግሞ ባዳ አልነበረም፤ የሟቹ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው።

ሠፈሩ በሙሉ ሚሊሜትር ይለዋል። በሰባት ከተማ እንደሱ ብስክሌት የሚገጥም የለም። የኮርቻ ከፍታ የሚለካው በሦስት መለኪያ ነው፤ ሦስቱ ካልተስማሙ አራተኛ ገዝቶ ያስታርቃቸዋል። ለአማቹ የገጠመው ብስክሌት ደግሞ የዕድሜ ልክ ሥራው ነበር። አማቹ አስፋልቱንም፣ ጠጠሩንም፣ ጭቃውንም በአንድ ብስክሌት ተሻግሮ፣ ተራራውን አቋርጦ ሰባት መቶ ኪሎሜትር ርቆ ያለው ሐይቅ ሊደርስ አስቦ ነበር። ሚሊሜትርም መሪውን እንደ በግ ቀንድ ወደታች የተቆለመመ፣ ጫፉ ግን ወደ ውጭ ገለል ያለ አደረገለት፤ ቁልቁለት ላይ እጅ ሰፋ ብሎ እንዲይዝ። ጎማውን አርባ አምስት ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ መሐሉ ለአስፋልት የለሰለሰ፣ ጎንና ጎኑ ለጠጠር ጥርስ ያወጣ መረጠለት። ከመነዳሪ አልከተተበትም፤ እሾህ ሲወጋው ቀዳዳውን እየሮጠ የሚደፍን ነጭ ፈሳሽ ሞላበት። የፊቱን ጥርስ አሳንሶ የኋላውን አሰፋ፣ ሻንጣ ተጭኖ ዳገት ሲመጣ ጉልበት እንዳይለምን። በመጨረሻም መሪውን በጥቁር የእጅ መያዣ ቴፕ ጠቅልሎ፣ ዓርብ ቀትር ላይ «ሂድ፣ ንዳው» ብሎ ሰጠው።

የፖሊስ ባለሙያው ግን አንድ ነገር አገኘ፤ የፊቱ ፍሬን በግራ እጅ ገብቷል። ሟቹ ዕድሜ ልኩን የፊቱን በቀኝ፣ የኋላውን በግራ ይዞ የኖረ ሰው ነው። ጠጠር ቁልቁለት ላይ ደግሞ ዐዋቂ የሚጨብጠው የኋላውን ነው። የኋላውን የያዘ መስሎት በግራው የፊቱን ጨመደደው። ጎማው ቆመ፤ ሰውየው ቀጠለ።

ሪፖርቱ በአንድ ገጽ አለቀ። ብስክሌቱን የገጠመው መካኒክ ተሳስቷል፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፤ መዝገቡ በመጪው ሳምንት ሰኞ ለዐቃቤ ሕግ ይቀርባል።

እስር ቤቱ ብቻ ቢሆን ሚሊሜትር ይችለው ነበር። ያልቻለው እህቱን ነው። የቀብሩ ዕለት እጁን ሊዘረጋላት ሲቀርብ፣ ሕዝብ ፊት፣ ሳትጮህ፣ «ባሌን የገደለው እሱ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ በሯ አልተከፈተለትም። ያን ሳምንት የበላው ምግብ ድንቢጥ አያጠግብም፤ የተኛው እንቅልፍ የዐይን ቆብ አይሞላም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «አልተሳሳትኩም» ብሎ መማል አለመቻሉ ነው። የአማቹን ብስክሌት በሠራበት ሳምንት ከሩቅ አገር ለመጣ የብስክሌት ማኅበር ዘጠኝ ብስክሌት ገጥሟል፤ ዘጠኙም የፊቱን ፍሬን በግራ የሚፈልጉ ነበሩ። ዘጠኝ ጊዜ ወደ ግራ የለመደች እጅ በዐሥረኛው ወደ ቀኝ ተመለሰች ወይስ አልተመለሰችም? ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ሲያገላብጥ፣ ጣሪያው ራሱ ሰልችቶት ዝቅ ያለ ይመስለው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት መርማሪዋ መጣች። አጭር፣ ጠይም፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ወንጀለኞች ስሟን ሲሰሙ ያልሠሩትን ጭምር ይናዘዛሉ ይባላል፤ ይህም ሳይጋነን ነው። ሱቁ ውስጥ ቆማ የተሰቀሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ብስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም» አለች። «ስለዚህ አስተማሪ ያስፈልገኛል። እርስዎ ነዎት።»

«እኔ እኮ ተጠርጣሪው ነኝ።»

«ለዚያ ነው። ድስት ያሳረረ ሰው ምድጃውን ከማንም በላይ ያውቃል።»

ሚሊሜትር አልሳቀም። በርጩማ ሳበላት።

«የፊቱን ፍሬን በቀኝ አስገብተውታል?»

«ልማልልዎት እችል ነበር...»

«አይማሉ። ያስታውሱ።»

«አላስታውስም» አለ። «ይኸው፣ እውነቱ ይሄ ነው። እኔ አላስታውስም። የሠራችው እጄ ናት፤ እሷን ይጠይቋት።»

መርማሪዋ ትንሽ አሰበችና አሮጌ መሪ ከጥግ አንሥታ ሰጠችው። አንድ ጥቅል ቴፕም አቀበለችው። «እንግዲያው እሷን ልጠይቃት። እንደወትሮዎ ይጠቅልሉልኝ።»

እጁ እያመነታች ጀመረች፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ማመንታቷን ረሳች። ከመሪው ጫፍ ተነሥታ፣ ቴፑን ወደ ውጭ እያዞረች፣ ግማሽ በግማሽ እያደራረበች ወጣች። ለምን ወደ ውጭ እንደሚያዞር ስትጠይቀው፣ ሰው መንገድ ሲከፋበት መሪውን ወደ ውጭ እንደሚጠመዝዝ፣ እንዲህ የተጠቀለለ ቴፕም በያዙት ቁጥር እየጠበቀ እንደሚሄድ፣ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ግን በሳምንቱ እንደሚላላ አስረዳት። አባቱ ያስተማሩት እንደዚያ ነው፤ ሱቁም የእሳቸው ነበር።

«ሁልጊዜ ወደ ውጭ ነው?»

«ለንጉሥም ለለማኝም።»

«ቴፑን ሳይፈቱ የፍሬኑን ሽቦ ከቀኝ ወደ ግራ ማዛወር ይቻላል?»

«አይቻልም። ሽቦው የሚያልፈው ከቴፑ ሥር ነው።»

ማስታወሻዋ ላይ ሁለት ቃል ጻፈች። ከመውጣቷ በፊት፣ ረጅም መንገድ የሚሄዱ ሰዎች ከሁሉ የሚበዛው ስሕተታቸው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ሚሊሜትር ሳያስብ መለሰ፤ በዋዜማው መነካካት ነው። ኮርቻ ከፍ ማድረግ፣ ጎማ መለወጥ፣ የሰው ምክር መስማት። ዋዜማ ላይ የሚነካ ነገር ቢኖር የጎማ ነፋስ ብቻ ነው፤ እሱም በጣት።

መጀመሪያ የሄዱት ቦርሳ ሰፊዋ ዘንድ ነው። እመት ዚፕ ይሏታል። ለብስክሌት የሚሆን ቦርሳ እሷ ከሰፋችው፣ ጎርፍ ቢወስደው እንኳ ውስጡ ያለው ክብሪት ይጭራል። አፏ ግን እንደ ቦርሳዋ አይዘጋም። ሚሊሜትርን ስታይ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ መንፈስ ነው የምትመስለው። መንፈስ እንኳ ከመጣ ትንሽ ሥጋ ለብሶ ይመጣል።»

እንባዋ ግን ዐይኗ ላይ ነበር። ሟቹ ከወር በፊት ሁለት ቦርሳ እንዳዘዛት ነገረቻቸው። አንዱ ከመሪው ፊት የሚታሰር ትልቅ ጥቅል ነው፤ የመሪውን ፊት በሙሉ ስለሚሸፍን የፍሬን ሽቦ በየት እንደሚሄድ ጋላቢው አያየውም። ሁለተኛው በብስክሌቱ ሆድ ውስጥ የሚገባ ሆኖ፣ በአንድ መጎተቻ ተፈትቶ የሚወጣ፣ ብስክሌቱን የሚሸከመው ሰው ትከሻም እንዳይላጥ ስፖንጅ የተሰፋለት ነበር።

«ብስክሌት ሆኖ ሳለ ለምን ይሸከመዋል?» አለች መርማሪዋ።

«እኔም እንዲያ ብዬ ስቄበት ነበር። ‹እመት ዚፕ፣ ወንዙ ላይ የነበረው የብረት ድልድይ ከሁለት ዓመት በፊት በጎርፍ ሄዷል፤ የከባድ መኪና ሾፌር ነግሮኛል፤ ብስክሌቴን በትከሻዬ ይዤ በውሃው ውስጥ ነው የምሻገረው› አለኝ።»

«ከሁለት ዓመት በፊት። እርግጠኛ ነሽ?»

«እኔ ሚሊሜትር አይደለሁም፣ እመቤቴ፤ ግን ሁለትና አንድን እለያለሁ።»

ከዚያ መምህሩ ዘንድ ሄዱ። የሟቹ የልብ ጓደኛ ነው፤ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ግን በሠፈሩ በማዕረጉ የሚጠራው የለም። ባለፈው ዓመት ያንኑ የሐይቅ መንገድ በአራት ቀን ተኩል ጨርሶ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ማንም ያልደረሰበትን ሰዓት ስላስመዘገበ ሪከርዱ ይባላል። ብስክሌቱን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ እንደ አንበሳ ቆዳ ሰቅሎታል። መርማሪዋ ስለ ጉዞው ስትጠይቀው፣ ያ ሐዘን ያጠላበት ፊት ለጥቂት ደቂቃ በራ። ስለ ጭቃው ተናገረ፣ ስለ ጅቡ ተናገረ፤ ጅቡ ከብስክሌቱ ጋር እኩል ሦስት ኪሎሜትር ሮጦ ደክሞት እንደቀረ ተናገረ።

«በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስትገባ የብረት ድልድዩን ተሻገርኩ» አለ። «ብረቱ ከጎማዬ ሥር ይዘፍን ነበር።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየችው። ሚሊሜትር ግን አልሰማም። ዐይኑ የተሰቀለው ብስክሌት መሪ ላይ ተተክሎ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሟቹ ቤት እንደሄደ መምህሩ ሳይደብቅ ተናገረ። ካርታ ይዞለት ነበር የሄደው። ጓደኛው ለማለዳው ጉዞ ብሎ ተኝቶ ስላገኘው፣ ሚስቱም ጓሮ ልብስ ታጥብ ስለነበር፣ በረንዳው ላይ አንድ ሰዓት ያህል ብቻውን ተቀመጠ። ብስክሌቱም እዚያው ነበር። ኮርቻውን መታ መታ ከማድረግ በቀር አልነካውም፤ ሲነቃ ካርታውን ሰጥቶት ሄደ።

«የእርስዎ የፊት ፍሬን በየትኛው እጅ ነው?»

«በግራ። ለረጅም መንገድ እሱ ነው የሚሻለው። በቀኝህ ውሃ እየጠጣህ በግራህ ትቆማለህ። እሱንም ደጋግሜ መክሬዋለሁ፤ ግትር ሆነብኝ እንጂ።» ይህን ብሎ ድንገት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ደረጃውን ሲወርዱ መርማሪዋ ቆም አለች። «ግድግዳው ላይ ያለው ብስክሌት ቴፑ በየት በኩል ነው የተጠቀለለው?»

«ወደ ውስጥ ነው» አለ ሚሊሜትር። «ሳየው እጄ በላኝ። አውርጄ ላስተካክለው ምን ቀረኝ።»

«የአማችዎ ብስክሌት ፖሊስ ጣቢያ ነው ያለው። አይተውታል?»

«አላስጠጉኝም።»

«እኔ አይቼዋለሁ» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

እህቱ ቤት ሲደርሱ ሚሊሜትር ከአጥሩ ውጭ ቀረ። መስኮቱ ክፍት ነበር። የገዛ እህቱን ድምፅ እንደ ሌባ ግድግዳ ተደግፎ አዳመጠ። እናታቸው ስትሞት በአንድ ክንዱ ይዞ ያሳደጋት ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ የዳራት እሱ ነው። አሁን ድምፅዋ ከቆርቆሮ የተሠራ ይመስል ነበር። ባለቤቷ ዓርብ ቀትር ላይ ብስክሌቱን ከሱቁ እየነዳ፣ በገበያው ቁልቁለት እየሳቀ እንደመጣ ተናገረች። ብስክሌቱ እስከ ማለዳ በረንዳው ላይ ነበር። ባለቤቷ ተኛ፤ መምህሩ መጣ፤ ሄደ። ማለዳ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥቶ ሄደ። ከቤታቸው እስከ ተራራው ጫፍ ዐሥራ አንድ ኪሎሜትር ያላቋረጠ ዳገት ነው፤ ፍሬን የሚያስነካ ነገር የለበትም።

«ባለቤትሽ ራሱ ብስክሌቱን ነካክቶት ይሆን?» አለች መርማሪዋ።

ሚሊሜትር ከውጭ ዝምታውን ሰማ። ረጅም አልነበረም።

«ባለቤቴ ብሎን ፈትቶ አያውቅም» አለች እህቱ። «ሁሉንም የሚተወው ለዚያ ሰውዬ ነው።»

ለዚያ ሰውዬ። ሚሊሜትር አጥሩ ሥር ቁጢጥ አለ። ዓለም ላይ ያለ መዶሻ ሁሉ ተሰብስቦ ደረቱን ቢመታው እንደዚያ አያመውም ነበር። መርማሪዋ ስትወጣ እዚያው አገኘችው፤ ክንዱን ይዛ አነሣችው።

«እሑድ ሁሉንም ሱቅዎ እጠራቸዋለሁ» አለች። «እስከዚያ ይብሉ። ተርቦ ነጻ የወጣ ሰው አያምርበትም።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ አምስት ሰውና አንድ ብስክሌት ነበር። ብስክሌቱ መስቀያው ላይ ነው፤ ጭቃው እንኳ አልተጠረገም። እመት ዚፕ ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። መምህሩ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ከበሩ ውጭም አንድ ፖሊስ አለ። እህቱ ጥቁር ለብሳ፣ ጥግ ካለው የጎማ ክምር ላይ ተቀምጣ፣ የገዛ እጆቿን ታያለች። ሚሊሜትር ከሁሉም ርቆ ግድግዳውን ተጣብቋል፤ ነገ ጠዋት መዝገቡ ይቀርባል።

መርማሪዋ መነጽሯን አደረገች።

«ከዓርብ ቀትር እንጀምር» አለች። «ብስክሌቱ ከዚህ ሱቅ ሲወጣ ፍሬኑ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሟቹ በገበያው ቁልቁለት ወርዶ ቤቱ እየሳቀ አይደርስም ነበር። ያ ቁልቁለት ሰው፣ ጋሪና ውሻ የሞላበት ነው፤ ዐሥር ጊዜ ፍሬን ያስይዛል። ሟቹ ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ነው፤ እጁ ገና ስትጨብጠው ታውቀው ነበር። ስለዚህ ቀትር ላይ ብስክሌቱ ልክ ነበር።»

ሚሊሜትር ቀና አለ።

«ባለሙያችን ‹ሟቹ ያን ዕለት ቀስ ብሎ ነድቶ ሊሆን ይችላል› ይላል። ይበል። አሁን ግን ይህን ተመልከቱ።» የቀኙን ቴፕ ጫፍ ይዛ ቀስ እያለች ፈታችው። ቴፑ እንደ እባብ ቆዳ ተንጠለጠለ። ወደ መብራቱ አስጠጋችው። «ቴፕ ሲጠቀለል ጠርዙ የተደራረበበት መስመር ይቀራል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መስመር አለ። አንዱ እንዲህ ያጋድላል፣ ሌላው በተቃራኒው። ይህ ቴፕ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል። መጀመሪያ ወደ ውጭ፤ ያ የወንድማችን እጅ ነው፤ ይህን መሪ ከእኔ ፊት ጠቅልሎ አሳይቶኛል።» አሮጌውን መሪ አነሣች። «ሁለተኛው ወደ ውስጥ። እዚህ ሱቅ ውስጥ አባትም ልጅም ወደ ውስጥ ጠቅልለው አያውቁም። ስለዚህ ከቀትር በኋላ፣ በረንዳው ላይ፣ ሌላ እጅ ቴፑን ፈትታለች፤ ሽቦዎቹን አዛውራ መልሳ ጠቅልላለች። የመሪው ቦርሳ ደግሞ ጥፋቱን ሸፈነላት።»

እመት ዚፕ አፏን በሻርፗ ያዘች።

«የማን እጅ? ሟቹ ራሱ እንዳይሆን፣ ብሎን ፈትቶ እንደማያውቅ ሚስቱ ነግራኛለች። በረንዳው ላይ ብቻውን አንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ግን አለ። የዚያ ሰው ብስክሌት ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ቴፑ ወደ ውስጥ ነው፤ የፊቱ ፍሬንም በግራ ነው። ሁለቱን ቴፖች አጉሊ መነጽር ይዤ አስተያይቻቸዋለሁ። አደራረቡ፣ አያያዙ፣ ጫፉ ላይ ሦስት ጊዜ መዞሩ ሳይቀር አንድ ነው። የአንድ ሰው እጅ ነው፤ በዚህ ላይ ማዕረጌን አስይዛለሁ።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። የመምህሩ ፊት የኖራ ድንጋይ መስሎ ነበር።

«ለምን?» አለ ሚሊሜትር። ስምንት ቀን ሙሉ ያልወጣ ድምፅ ነበር።

«ለድልድዩ» አለች መርማሪዋ። «መምህር ባለፈው ዓመት ሲሻገሩት ይዘፍን የነበረው ድልድይ ከሁለት ዓመት በፊት ነው የፈረሰው። ሟቹ ይህን ያውቅ ነበር፤ ብስክሌቱን በትከሻው ለመሸከም የሚመች ቦርሳ ያሰፋው ለዚያ ነው። ሐይቁ ደርሶ ቢመለስ ኖሮ ሠፈሩም ያውቅ ነበር። በየትኛው መንገድ ነው የተሻገሩት፣ መምህር?»

«በከባድ መኪና» አለ መምህሩ። «ዝናብ ነበር። ጉልበቴ አብጦ ነበር። ሾፌሩ ጫነኝ። ሰማንያ ኪሎሜትር፤ በሌላ መንገድ ዞሮ፣ ድልድዩን ሳላየው።» በሩን ተደግፎ ወደታች ተንሸራተተ። «ውሸታም ነኝ። ይኸው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ስዋሽ ኖርኩ። ግን እሱን አልገደልኩም። ፍሬኑን አልነካሁም። በልጆቼ እምላለሁ፣ አልነካሁም።»

ያመነው አልነበረም። እመት ዚፕ፣ በድልድይ ላይ የዋሸ አፍ በፍሬን ላይ ምን ይሳነዋል ብላ አጉረመረመች። ፖሊሱ ገባና ክንዱን ያዘው። ሰውየው አልታገለም።

ሚሊሜትር ተነፈሰ። ያ ትንፋሽ ከስምንት ቀን ጀምሮ የተጠራቀመ ነበርና ሱቁ ውስጥ የተሰቀለ ቸርኬ ሁሉ የዞረ መሰለው። እጁ አልተሳሳተችም። ዘጠኙን አልፋ ዐሥረኛው ላይ ተመልሳ ነበር። ወደ እህቱ ሄደ፤ የጎማው ክምር ፊት ተንበረከከ፤ ምን እንደሚላት አያውቅም ነበር።

እሷ ግን ከእሱ በላይ አሻግራ መምህሩን ነበር የምታየው። ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ለመስማት ሁሉም ጎንበስ አሉ።

«ልቀቁት። እሱ አልነካውም።»

መርማሪዋ መነጽሯን አወለቀች።

«ቴፑን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። የመምህሩንም አምና እኔ ነኝ የጠቀለልኩለት፣ ባለቤቴ ለምኖኝ። አባታችን ሴት ልጅ መሪ አትነካም ይሉ ነበር። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ቁጭ ብዬ ቴፕ ነበር የማቀብላቸው፤ ከፊት ለፊታቸው እያየሁ ነው የተማርኩት። ከማዶ ሲያዩት ዙሩ የተገላቢጦሽ ነው።»

ፖሊሱ እጁን ከመምህሩ ክንድ ላይ አነሣ።

«ባለቤቴ ብሎን ፈትቶ አያውቅም ያልኩት ውሸት ነው። መምህሩ ከሄደ በኋላ ነው። ‹በቀኜ እየጠጣሁ በግራዬ ብቆም ይሻለኛል፤ እውነቱን ነው› አለ። ቴፑን ራሱ ፈታው። ሽቦዎቹን ራሱ አዛወረ፤ ሲጨርስ እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነበር። መጠቅለል ስለማይችል እኔን ጠራኝ። ከሞተ በኋላ ያንን ከመናገር ወንድሜን መወንጀል ቀለለኝ።»

ከዚያ ወንድሟን አየችው። ቀብሩ ዕለት እንኳ ዐይኑን አላየችም ነበር።

«‹ለጋሼ እንዳትነግሪው፤ ሥራዬን ነካብኝ ብሎ ይቀየመኛል› አለኝ» አለች። «አልነገርኩም።»